ግሬፕ ጽሑፌን «ባይነሪ ነው» ሲለኝ ማንን ልመን?

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ፣ እንደምን አሉ? ሁለት ሰርቨር አለኝ። ፋይል ሲስተሙ፣ ማለትም ዲስኩ ላይ ፋይል የሚያስቀምጠው ሥርዓት፣ አሮጌው ላይ ኤክስት4 ነው፣ አዲሱ ላይ ዜድኤፍኤስ። የሲስተማችን ሎግ (የሥራ መዝገቡ) ሁለቱም ላይ ይጻፋል፤ እንግሊዝኛና አማርኛ የተቀላቀለበት ነው። አሮጌው ላይ በግሬፕ፣ ፋይል ውስጥ ቃል በሚፈልገው ትእዛዝ፣ ስፈልግ መስመሮቹ ይመጡልኛል። አዲሱ ላይ ግን ‹ባይነሪ ፋይሉ ውስጥ ተገኝቷል› ዓይነት አንድ መስመር ብቻ አውጥቶ ዝም ይላል። በኤዲተር ስከፍተው ጤነኛ ጽሑፍ ነው። ባልደረባዬ ‹-ኤ ጨምርበትና ተገላገል› አለኝ። ጨመርኩ፣ ሠራ። ግን ደስ አላለኝም። ጥፋቱ የዲስኩ ነው፣ የአማርኛው ነው፣ ወይስ የግሬፕ?»

መልስ፦ ደስ ስላላለህ ደስ ብሎኛል። የባልደረባህ ምክር ውሸት አይደለም። «-ኤ»፣ ትንሹ «a»፣ ማለት «የፈለገ ቢሆን እንደ ጽሑፍ ቁጠረው» ማለት ነው። ግሬፕም እሺ ብሎ መስመሮቹን ያወጣል። ግን ጥርስ ሲያምህ ማስታገሻ ውጠህ እንደ መተኛት ነው። ሌሊቱ ያልፋል፣ ጥርሱ እዚያው ነው።

ይሄ መልእክት ሲመጣ ከጀርባው ሶስት የተለያዩ ምክንያቶች ሊኖሩ ይችላሉ። ሁለቱ ቀላል ናቸው። ሶስተኛው ግን ከግሬፕ አልፎ ባክአፕህን ሊነካ ይችላል። ስለዚህ የትኛው እንደሆነ ሳታውቅ «-ኤ»ን ልማድ አታድርገው። ትእዛዞቹን በፊደላችን ነው የምጽፋቸው፣ ኪቦርድህ ላይ መልሰህ በላቲን ትጽፋቸዋለህ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። ባይነሪ ማለት ጽሑፍ ያልሆነ ፋይል ነው። ሊኑክስ ላይ ፋይል ግንባሩ ላይ «ጽሑፍ ነኝ» ወይም «ባይነሪ ነኝ» የሚል ነገር አልተጻፈበትም። ስሙ መጨረሻ ላይ ያለው ቅጥያም ለግሬፕ ምኑም አይደለም። ግሬፕ የሚያደርገው መገመት ነው። ለመገመት ደግሞ ምስክር ይጠራል።

የመጀመሪያው ምስክር ዜሮ ባይት ነው። ጤነኛ ጽሑፍ ውስጥ ዋጋው 0 የሆነ ባይት አይገኝም፤ ፎቶና ፕሮግራም ውስጥ ግን እንደ ልብ ነው። ግሬፕ ከፋይሉ መጀመሪያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ባይት በአንዴ ያነባል። እዚያ ውስጥ ዜሮ ካየ «ባይነሪ» ብሎ ይፈርዳል። እስከዚህ ክርክር የለም።

አማርኛው በዚህ በኩል ንጹህ ነው፣ አታስብ። ኦዲ የሚባል ትንሽ ትእዛዝ አለ፣ የፋይሉን ባይቶች በቁጥር ያሳይሃል። «ሰላም» ብለህ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል ኮድ ጽፈህ ብትሰጠው 225 136 176፣ ከዚያ 225 136 139፣ ከዚያ 225 136 157 ይልሃል። ሶስት ፊደል፣ ዘጠኝ ባይት። አንድም ዜሮ የለም። በዩቲኤፍ-8 የትኛውንም የኢትዮጵያ ፊደል ብትጽፍ ዜሮ አይመጣም።

ነገሩ የሚበላሸው ፋይሉ በዩቲኤፍ-16 ሲቀመጥ ነው። የዊንዶውስ ኖትፓድ ድሮ ይሄንን በደፈናው «ዩኒኮድ» ብሎ ይጠራው ነበር፣ ሰውም በቅን ልቦና እሱን ይመርጣል። እዚያ ውስጥ «ሀ» 0 እና 18 ሆና ትቀመጣለች። «ጀ» 0 እና 19። ከሀ እስከ ፐ ባለው ሠራዊት ውስጥ በዚህ ጣጣ የተያዙት እነዚህ ሁለቱ ብቻ መሆናቸው ሁልጊዜ ያስቀኛል። ሌሎቹም ግን አያመልጡም። ባዶ ቦታው 32 እና 0 ነው፣ የመስመር መጨረሻው 10 እና 0። እንዲህ ያለ ፋይል ላይ «-ኤ» ብትጨምርም ቃልህን አያገኘውም፣ ምክንያቱም አንተ የምትፈልገው በዩቲኤፍ-8 የተጻፈውን ነው። መድኃኒቱ በአይኮንቭ ወደ ዩቲኤፍ-8 መቀየር ነው።

ሁለተኛው ምስክር ሎኬል ነው፤ ማሽኑ በምን ቋንቋና በምን የፊደል ኮድ እንደሚያነብ የሚወስነው ቅንብር። ሰርቨሩ «እኔ የማነበው በዩቲኤፍ-8 ነው» ብሎ ከተዋቀረ፣ ግሬፕ በዩቲኤፍ-8 ሕግ የማይነበብ ባይት ሲያጋጥመው ፋይሉን ባይነሪ ያደርገዋል። ይሄ ሕግ የመጣው በ2014 መጨረሻ በወጣው ግሬፕ 2.21 ነው። አሮጌው ሰርቨርህ ሴንትኦኤስ 7 ከሆነ ያለህ 2.20 ነው፣ ማለትም ሕጉ ከመውጣቱ በፊት። አንድ ዓይነት ፋይል፣ ሁለት ዓይነት ፍርድ። ዲስኩ እዚህ ውስጥ እጁ የለበትም።

የተበላሸ ባይት ከየት ይመጣል? አማርኛ የሚጽፍ ሲስተም ላይ መልሱን በተደጋጋሚ አይቼዋለሁ። ፕሮግራሙ መልእክቱን በባይት ቆጥሮ ይቆርጠዋል። ለምሳሌ «ከ200 ባይት በላይ አትጻፍ» ተብሏል እንበል። 200ን ለ3 ስታካፍል 66 ይደርስና 2 ይተርፋል። 67ኛው ፊደል ሁለት ሦስተኛው ገብቶ አንድ ሦስተኛው ውጭ ቀረ ማለት ነው። በኤዲተር ስታየው ጥያቄ ምልክት ያለባት ጥቁር አልማዝ ትሆናለች፣ ዓይንህ አልፏት ይሄዳል። ግሬፕ ግን አያልፋትም። ሌላው ምንጭ ከዩኒኮድ በፊት የተጻፈ ሰነድ ነው። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፣ ከ3.0 ጋር። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት በፓወር ግእዝና በቪዥዋል ግእዝ የተጻፈው ሁሉ ለዩቲኤፍ-8 የማይገባ ባይት ሊኖረው ይችላል።

ይሄ ምስክር አንድ የሚያናድድ ጠባይ አለው። ተርሚናል ላይ ባይነሪ ያለህን ፋይል በክሮን፣ ሥራን በየሰዓቱ በሚያስነሳው ፕሮግራም፣ ሲሮጥ ጽሑፍ ሊልልህ ይችላል። ክሮን ብዙ ጊዜ ሎኬል ሳይዝ፣ በ«ሲ» ሎኬል ነው የሚሠራው። ከ2.23 ወዲህ ደግሞ ግሬፕ በ«ሲ» ሎኬል የትኛውንም ባይት እንደ ትክክለኛ ፊደል ይቀበላል። በደንብ የተዋቀረው ሰርቨር ይቆጣል፣ ያልተዋቀረው ዝም ይላል። ምናልባት የአንተም አዲሱ ሰርቨር ጥፋቱ በሥርዓት መዋቀሩ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ሶስተኛው ምስክር እንምጣ። ዋናውን ጥያቄህን የሚመልሰው እሱ ነው። ፋይል ሲስተሙ ራሱ ነው።

ፋይል ቀዳዳ ሊኖረው ይችላል። አንድ ፕሮግራም ፋይል ከፍቶ ወደ 10 ጊጋባይት ዘልሎ አንድ ፊደል ቢጽፍ፣ ፋይል ሲስተሙ በመሃል ያለውን 10 ጊጋባይት ዲስክ ላይ አይጽፈውም። «እዚህ ምንም የለም» ብሎ መዝግቦ ያልፋል። አንባቢ ሲመጣ ደግሞ ቀዳዳውን በዜሮ ሞልቶ ያነብለታል። የቨርቹዋል ማሽን ዲስክ ፋይሎች በአብዛኛው እንዲህ ናቸው።

ለግሬፕ ይሄ ፈተና ነው። ዜሮዎቹ ውስጥ የመስመር መጨረሻ ስለሌለ፣ 10 ጊጋባይቱ ለእሱ አንድ መስመር ነው። መስመሩን በሙሉ ሜሞሪ ውስጥ ልያዝ ሲል ማሽኑን ያንቀዋል። ስለዚህ ብልህ ነገር መጣ። ሊኑክስ ከ3.1 ጀምሮ፣ ከ2011 ማለት ነው፣ «ከዚህ ቦታ በኋላ የመጀመሪያው ቀዳዳ የት ነው?» ብሎ ፋይል ሲስተሙን መጠየቂያ አለው። ሲክ ሆል ይባላል። ግሬፕ የመጀመሪያውን ቁራጭ አንብቦ ዜሮ ካጣ፣ የቀረውን ከማንበቡ በፊት ይሄን ይጠይቃል። ፋይል ሲስተሙ «አዎ፣ ቀዳዳ አለ» ካለ ነገሩ አለቀ። ቀዳዳ ካለ ዜሮ አለ፣ ዜሮ ካለ ባይነሪ ነው።

ልብ በል። እዚህ ላይ ግሬፕ ፋይሉን አንብቦ አይደለም የፈረደው። በሰው ቃል ነው የፈረደው። ትንንሽ ፋይሎች ላይ ይሄ አይደርስም፣ ምክንያቱም ሙሉው ፋይል በመጀመሪያው ንባብ ስለሚያልቅ መጠየቅ አያስፈልግም። ችግሩ ትልልቅ ሎግ ላይ ብቻ የሚታይህ ከሆነ፣ ያ ራሱ ፍንጭ ነው።

ምስክሩ ተሳስቶ ያውቃል? ያውቃል። በ2012 ገደማ ግሬፕ ቀዳዳን የሚገምትበት ሌላም መንገድ ነበረው፤ ሒሳብ ነበር። የፋይሉ መጠን ይሄን ያህል ነው፣ ዲስክ ላይ የያዘው ብሎክ ግን ከዚያ ያንሳል፣ ስለዚህ የጎደለው ቀዳዳ መሆን አለበት። ኤክስት4 ላይ ሒሳቡ ያስኬዳል። ፋይሉን ጨምቆ የሚያስቀምጥ ፋይል ሲስተም ላይ ግን ገደል ይገባል። ዜድኤፍኤስ ወይም ቢተርኤፍኤስ ላይ መጭመቂያው ከበራ፣ 10 ሜጋባይት ሎግ 2 ሜጋባይት ዲስክ ቢይዝ የሚገርም አይደለም። ሎግ ያንኑ ቃል ሺህ ጊዜ ስለሚደጋግም በደንብ ይጨመቃል። ግሬፕ ግን «8 ሜጋባይት ጎድሏል፣ ቀዳዳ ነው» ይላል። አንድም ዜሮ የሌለው ጽሑፍ ባይነሪ ተባለ። ሌላም አለ። ዜድኤፍኤስ አሁን የተጻፈ ፋይል ስንት ብሎክ እንደያዘ ወዲያው አይናገርም፣ ጥቂት ሰከንድ ይቆያል። ፋይሉን ጽፈህ ወዲያው ብትፈልግ ባይነሪ፣ ሻይ ጠጥተህ ስትመለስ ጽሑፍ። ይሄን በወቅቱ ያየ ሰው ጠንቋይ ቤት ቢሄድ አልፈርድበትም።

ያ ሒሳብ ከግሬፕ ከወጣ ቆይቷል። ዛሬ የቀረው ሲክ ሆል ብቻ ነው፣ እሱ ግምት ሳይሆን ቀጥተኛ ጥያቄ ነው። ግን ቀጥተኛ ጥያቄም የተሳሳተ መልስ ሊያገኝ ይችላል። «ባክአፕህን ሊነካ ይችላል» ያልኩህ ይሄንን ነው።

በሴፕቴምበር 2021 የወጣው ኮርዩቲልስ 9.0፣ የሊኑክስ መሠረታዊ ትእዛዞች ጥቅል፣ የ«ሲፒ»ን አሠራር ቀየረ። ሲፒ ፋይል ሲገለብጥ ከዚያ ወዲህ ስለ ቀዳዳ በሰፊው ይጠይቃል። ቀዳዳ ነው የተባለውን አያነበውም፣ ዘልሎ ያልፈዋል። ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ጊዜም ቦታም ይቆጥባል። በ2023 መገባደጃ ኦፕንዜድኤፍኤስ 2.2.0 ሲወጣ ግን ጄንቱ የተባለው ሊኑክስ ተጠቃሚዎች ገልብጠውት ውስጡ ዜሮ የሆነ ፋይል ማግኘት ጀመሩ። መጀመሪያ የተጠረጠረው አዲስ የመጣው ብሎክ መቅጃ ነበር፣ በ2.2.1 ዘጉት። ችግሩ ግን አልጠፋም። ሲቆፈር ስህተቱ ከዚያ በብዙ ዓመት የሚቀድም ሆኖ ተገኘ። ዜድኤፍኤስ ገና ሜሞሪ ውስጥ ያለ፣ ዲስክ ላይ ያልወረደ ጽሑፍ ያለበትን ፋይል፣ በጣም ጠባብ በሆነች ቅጽበት ከተጠየቀ «ቀዳዳ ነው» ይል ነበር። ሲፒ ያንን አምኖ ዘለለ። በቅጂው ውስጥ የቀረው ዜሮ ነው። ማስተካከያው በኖቬምበር መጨረሻ በ2.2.2 እና በ2.1.14 ወጣ። የመከሰቱ ዕድል ትንሽ ነው፣ አጋጣሚው መገጣጠም አለበት። ግን ሲከሰት ድምፅ የለውም። ሲፒ «ተሳክቷል» ብሎ ነው የሚወጣው።

ፋይሎችን ለባክአፕ የሚያጠቃልለው ታርም በዚህ መንገድ ተነክሷል። ቀዳዳን እንዲያከብር ሲታዘዝ፣ «ብሎኩ 0 ነው» የተባለን ፋይል ሙሉ በሙሉ ባዶ ነው ብሎ የሚደመድምበት ጊዜ ነበር። ቢተርኤፍኤስ ላይ ደግሞ ጽሑፍ ያለው ፋይል ለጊዜው 0 ብሎክ ሊያሳይ ይችል ነበር። የዚህ ውጤት የጽሑፍ መልእክት አይደለም፣ ባዶ ባክአፕ ነው።

ስለዚህ ግሬፕ በቀዳዳ ምክንያት «ባይነሪ» ሲልህ፣ ያንኑ ምስክር ሲፒና ታርም እንደሚሰሙት አስታውስ። ግሬፕ ሲሳሳት አንድ መስመር ይደብቅሃል። እነሱ ሲሳሳቱ ፋይልህ ይሄዳል።

ይሄን ካልኩ በኋላ፣ ፋይል ሲስተሙን ቶሎ አትወንጅለው። ብዙ ጊዜ ቀዳዳው እውነተኛ ነው። የቆፈርነውም እኛው ነን።

የሚሆነው እንዲህ ነው። አፕሊኬሽኑን ስታስነሳ ሎጉን በአንድ ቀስት («>») ወደ ፋይል መራኸው እንበል። ፕሮግራሙ የት እንደደረሰ በልቡ ይዟል፣ አሁን 500 ሜጋባይት ላይ ነው። ዲስኩ ሊሞላ ሲል አንድ ሰው መጥቶ፣ ወይም ሎግሮቴት የሚባለው ሎግ ማዟዟሪያ «ቀድተህ ባዶ አድርገው» በሚለው ዘዴ፣ ፋይሉን ወደ 0 ይቆርጠዋል። ፕሮግራሙ ይሄን አያውቅም። የመዝገብ ቤት ጸሐፊ አስብ። ሰው መዝገቡን በአዲስ ባዶ መዝገብ ቀይሮበታል፣ እሱ ግን ገጽ 500 ላይ ነኝ ብሎ ገጽ 501 ገልጦ ይቀጥላል። የሚቀጥለው መስመር 500 ሜጋባይት ላይ ያርፋል። ከፊቱ ያለው ሁሉ ቀዳዳ። ፋይሉ በስም 500 ሜጋባይት ነው፣ ዲስክ ላይ ግን ጥቂት ኪሎባይት። ግሬፕ ገና ከመጀመሪያው ባይት ዜሮ ያገኛል። ፍርዱም ትክክል ነው። መፍትሔው አንድ ተጨማሪ ቀስት ብቻ ነው፤ ሎጉን በአንድ ቀስት ሳይሆን በሁለት ቀስት («>>») ምራው። ያኔ ፕሮግራሙ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የሚጨምረው፣ መጨረሻው የትም ይሁን።

እኔን ይሄ ነገር አዋርዶኛል። ድሮ የሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ያልተሳኩ ክፍያዎችን በየሌሊቱ የሚቆጥር ስክሪፕት ጽፌ ነበር። ግሬፕ ቃሉን ይፈልጋል፣ ወደ ደብሊውሲ ይልካል፣ ደብሊውሲ መስመር ይቆጥራል። አንድ ሰሞን ሪፖርቱ በየቀኑ «1» ማለት ጀመረ። ድሮ አርባ ሃምሳ ነበር። አለቃዬ ደስ አለው፣ እኔም አልተከፋሁም። ያቺ አንድ መስመር «ባይነሪ ፋይሉ ውስጥ ተገኝቷል» የምትለዋ ራሷ ነበረች። ሎጉ በቆረጣ ቀዳዳ ሆኖ፣ ግሬፕ ሌላውን ሁሉ ትቶ እሷን ብቻ አውጥቶ፣ እኔ እሷን ቆጥሬ። በ2020 ከወጣው 3.5 ወዲህ መልእክቱ ወደ ስህተት መውጫ ስለሚሄድ ዛሬ ብትቆጥር 0 ታገኝ ነበር። ያ ይሻላል ወይ አትበለኝ። እንዲያውም 0 ይበልጥ ያስጨፍራል።

ፋይልን በኔትወርክ በሚያጋራው ኤንኤፍኤስ ላይም ሌላ መልክ አለው። ሁለት ማሽን አንድ ሎግ ላይ በኔትወርክ ሲጨምሩ፣ ፕሮቶኮሉ «መጨረሻ ላይ ጨምር» የሚለውን እንደ አንድ የማይነጣጠል ሥራ አያውቀውም። አንዱ የሌላውን ይረግጣል፣ ወይም በመሃል ክፍተት ይቀራል። አንዳንዴ ደግሞ መጠኑ ቀድሞ ያድግና ጽሑፉ ዘግይቶ ይደርሳል። በዚያ መሃል ያነበበ ሰው ዜሮ ያያል፣ ከደቂቃ በኋላ ያነበበ ጽሑፍ ያያል። መብራት ድንገት ሲሄድም ተመሳሳይ ነገር ይከሰታል። የፋይሉ አዲስ መጠን ተመዝግቦ ጽሑፉ ሳይወርድ ከቀረ፣ የሎጉ ጭራ ዜሮ ይሆናል። መብራቱ በስንት ሰዓት እንደጠፋ ማወቂያ ሆኖ ሲያገለግል አይቻለሁ።

እንግዲህ ወደ አንተ ፋይል። የትኛው ምስክር እንደተናገረ ለማወቅ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይፈጅም።

መጀመሪያ ዜሮዎቹን ቁጠር። «ቲአር -ዲሲ '\000' < አፕ.ሎግ | ደብሊውሲ -ሲ»። ይሄ ከዜሮ በቀር ሁሉንም ጥሎ የቀረውን ይቆጥራል። ከ0 በላይ ከመጣ ፋይሉ ውስጥ እውነተኛ ዜሮ አለ ማለት ነው። ወደ አንድ ቀስቱ፣ ወደ ኤንኤፍኤሱ፣ ወይም ወደ ዩቲኤፍ-16ቱ ሂድ። ቦታውን ማወቅ ከፈለግህ ሪፕግሬፕ የሚባለው ሌላ መፈለጊያ ይሻልሃል። እሱ ስለ ቀዳዳ ማንንም አይጠይቅም፣ ዜሮ ባይት ብቻ ነው የሚያየው። ሲያገኝም ስንተኛው ባይት አካባቢ እንዳገኘው ይነግርሃል። ዩቲኤፍ-16 ፋይል መግቢያው ላይ ምልክቱ ካለ ራሱ ቀይሮ ያነበዋል፣ እሱ ደግሞ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው።

ቁጥሩ 0 ከሆነ ሎኬሉን ፈትሽ። ከትእዛዙ ፊት «ኤልሲ_ኦል=ሲ» ጨምረህ እንደገና ፈልግ። መልእክቱ ከጠፋ ጥፋቱ የተቆረጠ ፊደል ወይም ከዩኒኮድ በፊት በነበረው የተጻፈ ነገር ነው። የተበላሹትን መስመሮች «ግሬፕ -ኤኤክስቪ '.*' አፕ.ሎግ» አንድ በአንድ ያወጣልሃል። መስመሮቹን ስታያቸው የት እንደሚቆረጡ ወዲያው ይገባሃል፣ ከዚያ ፕሮግራሙን የጻፈውን ልጅ ጥራው።

እዚህ ላይ ግን አደራ። «ኤልሲ_ኦል=ሲ» ስለሠራልህ ብቻ ስክሪፕትህ ውስጥ አትተወው። እንግሊዝኛ ለሚፈልግ ሰው ጉዳት የለውም፣ እንዲያውም ይፈጥናል። አማርኛ ለሚፈልግ ግን ወጥመድ ነው። በዚያ ሎኬል አንድ ፊደል ሶስት ፊደል ነው። «ሰ.ም» ብለህ ሰላምን ብትፈልግ አታገኘውም፣ ነጥቧ የምትይዘው አንድ ባይት ብቻ ነውና። ይባስ የሚለው ቅንፉ ነው። ሁላችንም «[ሀሐኀ]» ብለን እንጽፋለን፣ ሰው በየትኛው ሀ እንደጻፈው ስለማይታወቅ። በ«ሲ» ሎኬል ይሄ ቅንፍ ሶስት ፊደል አይደለም፣ የባይት ከረጢት ነው፤ 225፣ 136፣ 128፣ 144፣ 138። 225 ደግሞ የእያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል መጀመሪያ ነው። ሀን ፈልግ ብለኸው ያለውን አማርኛ በሙሉ ያመጣልሃል።

ሁለቱም ንጹህ ከሆኑና ግሬፕ አሁንም «ባይነሪ» ካለህ፣ ፋይሉን በቧንቧ አሳልፈው። «ካት አፕ.ሎግ | ግሬፕ ቃል»። ፎረም ላይ ይሄን ስትጽፍ «ካት አያስፈልግም» የሚል ሊቅ አይጠፋም። እዚህ ግን ያስፈልጋል። በቧንቧ የመጣን ነገር ግሬፕ ስለ ቀዳዳ ሊጠይቅበት አይችልም፣ ማንበብ ብቻ ነው አማራጩ። ቀጥታ ሲሰጠው ባይነሪ፣ በቧንቧ ሲመጣ ጽሑፍ፣ የዜሮ ቁጥሩም 0 ከሆነ፣ ፋይል ሲስተሙ የሌለ ቀዳዳ አለ ብሏል ማለት ነው። በዓይንህ ማየት ከፈለግህ ግሬፕን በኤስትሬስ ውስጥ አስኪደው፤ ፕሮግራም ሲስተሙን የሚጠይቀውን ሁሉ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። ሲክ ሆል ብሎ የጠየቀበት መስመርና የተሰጠው ቁጥር ይታይሃል። ቁጥሩ ከፋይሉ መጠን ካነሰ፣ ያ ነው ምስክሩ።

አንድ ማስረጃ ግን አትቀበል። ብዙ ሰው በዲዩ ዲስክ ላይ የያዘውን፣ በኤልኤስ የፋይሉን መጠን አይቶ «አይለያይም እንዴ፣ ቀዳዳ አለው» ይላል። ዜድኤፍኤስ ላይ መጭመቂያ ካለ ሁልጊዜም ይለያያል። ከ2012ቱ የግሬፕ ሒሳብ ጋር አንድ ዓይነት ስህተት ነው።

«-ኤ»ን መቼ ልጠቀም ካልከኝ፣ ምክንያቱን ካወቅህ በኋላ ያለ ሐሳብ ተጠቀም። እኔም ሎግ ላይ እጠቀመዋለሁ። ተርሚናልህን የሚያናውጥ ቆሻሻ ሊወጣ ስለሚችል ወደ ሌላ ፕሮግራም ላከው እንጂ ስክሪን ላይ አትዘርግፈው። የማልወደው «-አይ»ን ነው፣ ትልቁን። እሱ ባይነሪ የመሰለውን ምንም ሳይናገር ይዘለዋል። ሰው ከኢንተርኔት ቀድቶ አሊያስ ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ ከዓመት በኋላ «ሎጉ ውስጥ የለም» ብሎ ይምላል።

ከገለጽከው ተነስቼ ልገምት ካልከኝ፣ መጀመሪያ የምጠረጥረው የተቆረጠ ፊደልና የቨርዥን ልዩነት ነው። ቀጥሎ የሎግ ቆረጣ። ዜድኤፍኤስን የምጠረጥረው መጨረሻ ላይ ነው። ሶስቱን ሞክርና ያገኘኸውን ቁጥር፣ የሁለቱን ሰርቨሮች የግሬፕ ቨርዥን፣ የሎኬሉንም ውጤት ላክልኝ። «ዜድኤፍኤስ ቨርዥን» ብለህም እይ። ከ2.1.14 በታች ከሆነ፣ ወይም 2.2.0 ወይም 2.2.1 ከሆነ፣ የእኔን መልስ ሳትጠብቅ አፕዴት አድርግ። ከዚያ ባክአፕ ውስጥ ካሉት ፋይሎች ጥቂቱን አውጥተህ ከዋናው ጋር በሻ256፣ የፋይል አሻራ በሚያወጣው ትእዛዝ፣ አመሳክር፣ በተለይ ተጽፎ ወዲያው የተገለበጠውን።